ጀሪካኑ ላይ ቀን ጻፉበት፦ ክብደት ለመቀነስ የሳምንት ምግብ በቁጠባ

ባለ 5 ሊትር ዘይት በከፈታችሁ ቀን፣ ቀኑን በእስክርቢቶ ጀሪካኑ ላይ ጻፉ። ሲያልቅም ጻፉ። ከሌላው ምክር ሁሉ ይህን የማስቀድመው የአብዛኞቻችን ውፍረትም የአስቤዛ ወጪም እዚያው ጀሪካን ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ሒሳቡ ይኸው፦ 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንዱ ግራም 9 ካሎሪ አለው፤ በድምሩ 41 ሺህ ካሎሪ ይሆናል። አራት ሰው ያለበት ቤት ይህን በ30 ቀን ከጨረሰ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 345 ካሎሪ ከዘይት ብቻ በልቷል። 60 ቀን ካቆየው 172 ይሆናል። ልዩነቱ በወር 5 ሺህ ካሎሪ ያልፋል። ይህም ከግማሽ ኪሎ በላይ የሰውነት ስብ ነው። ከትሪው ላይ አንድ ጉርሻ ሳይነሳ፣ የዘይቱም ወጪ በግማሽ ወርዶ።

የእኛ ምግብ በባሕርይው የሚያወፍር አይደለም። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ስር፣ ዱባ፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ዝርዝር ከየትም አይመጣም። ችግሩ ድስቱ ሲጣድ የሚንቆረቆረው ነው። ዘይት በካሎሪው ልክ አያጠግብም፤ ወጡ ውስጥ ገብቶ ስለሚሰወርም ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ የሳምንቱ ዕቅድ የሚጀምረው ከምግቡ ስም ሳይሆን ከዘይቱ መጠን ነው።

እዚህ የምጽፈው ሁለት አዋቂዎች ላሉበት ቤት ነው። ብዙ ከሆናችሁ አባዙት። አንድ ሰው ብቻ ክብደት መቀነስ ቢፈልግም ለእሱ የተለየ ድስት አይጣድ። ሁለት ድስት ወጪውን ያንረዋል፤ ከሁለት ሳምንት በላይም አይዘልቅም።

ስንት ይበላ?

ለመነሻ ሴት የአሁኑን ክብደቷን በ20፣ ወንድ በ22 ያባዛ። 75 ኪሎ የሆነች ሴት በቀን 1,500 ካሎሪ ማለት ነው፤ 85 ኪሎ የሆነ ወንድ 1,870። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ወይም ተሸክሞ የሚሠራ ሰው 200 ይጨምር። ከ1,200 በታች ያለ ሐኪም ምክር አይወረድም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያናግሩ። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መጠኑን ሳያስተካክል እንጀራ ቢቀንስ ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

እንጀራን መቁጠር ቀላል ነው። የጤፍ ዱቄት ኪሎው 3,600 ካሎሪ አካባቢ አለው። ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ እንደሚወጣችሁ አንድ ጊዜ ቁጠሩና አካፍሉ። ሰባት ከወጣ አንዱ 500 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ስድስት ከወጣ 600። የምትገዙ ከሆነ አንዱን መዝኑት፤ 350 ግራም የሚመዝን ከ500 ብዙም አይርቅም። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ድርሻው ለሴት በቀን አንድ እንጀራ ነው፤ ግማሹ ለምሳ፣ ግማሹ ለእራት። ለወንድ አንድ ከሩብ ይሁንና ወጡ በርከት ይበል።

ግማሽ እንጀራ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። የሚያስደነግጠው ግን ወጡ እንደወትሮው ጥቂት ሆኖ እንጀራው ብቻ ሲቀነስ ነው። በጀት ሲጠብ ልማዳችን ወጡን አቅጥኖ እንጀራ መደራረብ ነው። እዚህ ተገላቢጦሹ ነው የሚሠራው፦ እንጀራው ይቀንሳል፣ ወጡ ይበዛል። ለአንድ ሰው ለአንድ ምሳ 80 ግራም ደረቅ ምስር ተቀቅሎ ሲያብጥ ከሁለት ጭልፋ በላይ ነው። 280 ካሎሪና 19 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል፤ አሰሩም ብዙ ስለሆነ እስከ ማታ ይይዛል።

ስለ ጤፉ ዓይነት አንድ ነገር። ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ፤ በካሎሪ ልዩነት የላቸውም ቢባል ይቀላል። ነጩ ያሳምራል እንጂ አያቀጥንም። ሰርገኛውን ወይም ቀዩን ገዝቶ የተረፈውን ብር እንቁላል ላይ ማዋል ይሻላል። ማሽላ ወይም ገብስ መቀላቀልም ብር ይቆጥባል፤ ካሎሪ ግን አይቀንስም።

ብሩን የት እናውለው?

የምግብ ውድነት የሚለካው በኪሎ ዋጋ ሳይሆን በፕሮቲኑ ነው። ክብደት ስንቀንስ ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ የሚይዘው፣ ረሃብንም የሚያስታግሰው እሱ ነውና። አንድ ኪሎ ምስር 240 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አተር 230፣ ባቄላ 250፣ ሽምብራ 200። አንድ ኪሎ ጥሬ ቀይ ሥጋ 200 ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ሊትር ወተት 32። የዕለቱን የኪሎ ዋጋ ለእነዚህ ቁጥሮች አካፍሉና አወዳድሩ። ገበያው እንዴትም ቢዋዥቅ ጥራጥሬው ይቀድማል፤ ሥጋው በብዙ እጥፍ ወደ ኋላ ይቀራል። እንቁላል ግን በየጊዜው እየታየ ነው፤ ሲረክስ ይገዛል፣ ሲወደድ ይዘለላል።

ለሁለት ሰው የሳምንቱ አስቤዛ ይህን ይመስላል። ጤፍ 2 ኪሎ ከሩብ ወይም 16 እንጀራ። ምስር ክክ 350 ግራም፣ አተር ክክ 350 ግራም፣ ሽሮ 400 ግራም፣ ለፉል የሚሆን ባቄላ ሩብ ኪሎ፣ አጃ ግማሽ ኪሎ። እንቁላል 10። ጮማ የሌለው ሥጋ 300 ግራም። ሽንኩርት 2 ኪሎ ተኩል፣ ቲማቲም 1 ኪሎ ተኩል፣ አንድ ራስ ጥቅል ጎመን፣ ሐበሻ ጎመን 4 እስር፣ ካሮትና ቀይ ስር አንድ አንድ ኪሎ፣ ድንች 1 ኪሎ፣ ዱባ 1 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። ፍራፍሬ የወቅቱን ብቻ፤ የሞላበትን ሰሞን የረከሰውን።

አትክልቱን ከእሁድ ገበያ ወይም ከሸማቾች ሱቅ መግዛት ከሰፈር ጉልት ያዋጣል፤ ግን የሚበላሸውን አብዝታችሁ አታንሱ። ቲማቲም ግማሹን የበሰለ፣ ግማሹን ጠንከር ያለ ምረጡ፤ ጠንካራው ለሳምንቱ መጨረሻ ይደርሳል። ሐበሻ ጎመን ግን ሦስት ቀን ሳይሞላው ይጠወልጋል፤ በሳምንት ሁለቴ ይገዛ፣ አለዚያም በመጀመሪያው ቀን ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ለአምስት ደቂቃ ተቀቅሎ ይቀመጥ። ሽንኩርት እሳት በሚሆንበት ሰሞን ግማሹን በባሮ ሽንኩርት ተኩት፤ ወጡ ትንሽ ይቀጥናል እንጂ አይጎዳም።

ዘይቱ ደግሞ፦ ከጀሪካኑ ላይ የሳምንቱን ቀድታችሁ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስቀምጡ። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ሲሞላ 420 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። 28 የሾርባ ማንኪያ፣ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት። አንዷ ማንኪያ 120 ካሎሪ ናት። ጀሪካኑ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው እሁድ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ። ከሃይላንዱ ሐሙስ ላይ ካለቀ፣ የት እንደፈሰሰ ያኔ ትመረምራላችሁ። ቅቤ የምትጠቀሙ ከሆነ ከዚሁ ተቀናሽ ነው፤ የቅቤ ማንኪያ ከዘይቱ ብዙም አያንስም።

ቁሌቱ

የሳምንቱ ሥራ ሁሉ እሁድ ከሰዓት በሚሠራው ቁሌት ላይ የቆመ ነው። ማታ ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው ሽንኩርት መክተፍ ሲሰለቸው ነው ፓስታ የሚቀቅለው ወይም ከውጭ የሚገዛው። ቁሌቱ ካለ ወጥ በ25 ደቂቃ ይደርሳል። ጋዝና ከሰልም ይቆጥባል።

2 ኪሎ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና ሰፊ ድስት ላይ ያለ ዘይት ይጣዳል። እሳቱ መካከለኛ፣ ድስቱ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የተከደነ ይሁን። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ የራሱን ውሃ አውጥቶ ይበስላል። ከዚያ ይከፈትና እየተማሰለ ሌላ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ሲይዝ አንድ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። እሳቱ ከበዛ ሽንኩርቱ ሳይበስል ድስቱ ላይ ይያያዝና ያርራል። ያረረ ቁሌት ደግሞ ይመራል፤ በሎሚም በበርበሬም አይሸፈንም። ቀላ ብሎ ሲሟሽሽ ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል።

አሁን ከአምስት እጅ ሁለቱን ለአልጫ ለይታችሁ አውጡና 4 ማንኪያ ዘይት ከእርድ ጋር ጨምሩበት፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። የቀረው ሦስት እጅ ላይ 6 ማንኪያ ዘይትና 6 ማንኪያ በርበሬ ይገባና በትንሽ ውሃ እየተረጨ 15 ደቂቃ ይበስላል። ዘይቱ ከሽንኩርቱ ጋር ሳይሆን ከበርበሬው ጋር የሚገባበት ምክንያት አለው። የበርበሬና የቅመሙ ጣዕምና ቀለም የሚሟሟው በቅባት ነው፤ ያለ ዘይት የበሰለ በርበሬ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያቃጥላልም። ዘይቱን ፈጽሞ ያስወጡ ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞው የሚመለሱት በዚህ ነው። ሽንኩርቱ ግን ዘይቱን ብዙም አይፈልገውም። አንድ ሲኒ ዘይት በሽንኩርት ላይ ማፍሰስ በልማድ የመጣ እንጂ ለጣዕሙ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

አምስት ቦታ ተከፍሎ፣ በየዕቃው ይቀዘቅዝና ይከደናል። አንዱ እጅ ለሁለት ሰው አንድ ምሳ ይበቃል፤ ውስጡ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማንኪያ ዘይት አለ። የሰኞና የማክሰኞው ፍሪጅ፣ የቀረው ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ትኩሱን ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት፤ ከሁለት ሰዓት በላይም ውጭ አታሳድሩት። ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ሲገባ መሐሉ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ይኮመጥጣል፤ ዝርግ ዕቃ ላይ ማፍሰስ ነው መፍትሔው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሞላ ማቀዝቀዣ ሁለት ቀን፣ ግማሽ የሆነው አንድ ቀን።

ሳምንቱ

ሰኞና ማክሰኞ ምሳ ምስር ወጥ። እሁድ ማታ 320 ግራም ምስር በሁለት እጅ ቀይ ቁሌት ይሠራና ለሁለቱም ቀን ይደርሳል። ምሳ ዕቃ የሚይዝ ሰው እንጀራውን በሌላ ዕቃ ይያዝ፤ ወጥ ላይ ያደረ እንጀራ ስለሚርስ «አላጠገበኝም» ያሰኛል። ከጎኑ የተቀቀለ ቀይ ስር በሎሚና በቃሪያ። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከምስርና ከጤፍ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ያንኑ ብረት ይከለክላሉ፤ አንድ ሰዓት ዘግየት ማለት ነው።

ረቡዕና ሐሙስ ክክ አልጫ፣ በዚያው ስሌት 320 ግራም ክክ በሁለቱ የአልጫ እጅ። ዓርብ በቀረው ቁሌት ሽሮ፤ ለሁለት ሰው 120 ግራም ዱቄት። ሽሮ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ተጋቢኖ አድርጎ የወፈረ ሽሮ ከፈሰስ ካለው እጥፍ ዱቄት ይወስዳል፤ የሚበላበት እንጀራም ይጨምራል። ለ40 ግራም ሽሮ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ አድርጉና ቢያንስ 20 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ቶሎ የወረደ ሽሮ ሆድ ይነፋል።

ቅዳሜ እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ፣ እሁድ 300 ግራሙ ሥጋ ከሁለት እስር ጎመን ጋር፣ ጎመን በሥጋ። ጎመኑ በዝቶ ሥጋው ሲያንስ የሚያምር ወጥ እሱ ነው፤ ጥብስ ላይ ያው ሥጋ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም ነበር።

እራት ቀለል ይላል፦ ጥቅል ጎመን በካሮትና በድንች፣ ዱባ ወጥ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ካደረው ምስር ጋር የአትክልት ሾርባ፣ ባልተጾመበት ቀን ሁለት ቅቅል እንቁላል ከሰላጣ ጋር። ድንች ያለበት ቀን እንጀራው ወደ ሩብ ይውረድ።

ቁርስ ከ250 እስከ 300 ካሎሪ። 50 ግራም አጃ በውሃ ከአንድ እንቁላል ጋር፤ ወይም ቂንጬ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፤ ወይም ፉል ከግማሽ ዳቦ ጋር። ለፉሉ ባቄላው ሌሊቱን ይነከርና አንድ ጊዜ በብዛት ተቀቅሎ ለሦስት ቀን ይቀመጣል። ፍርፍር ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ደረቅ እንጀራ ያገኘውን ዘይት ሁሉ ይመጥጣል፤ አንድ እንጀራ ሦስት ማንኪያ ዘይት ጠጥቶ ዝም ይላል። ከዚያ ፍርፍሩ ራሱ በእንጀራ ይበላል! የተረፈውን እንጀራ ከመጣል ፍርፍሩ ይሻላል፤ ግን በቁሌትና በቲማቲም ረጥቦ፣ በማንኪያ።

ትሪ ላይ አብሮ የሚበላ ቤተሰብ ውስጥ ድርሻን ማወቅ ያስቸግራል። ለብቻ በሳህን መብላት እንደ ኩርፊያ የሚታይበት ቤትም አለ። ቀላሉ መንገድ የራስን ግማሽ እንጀራ ቀድሞ ቆርጦ ጠቅልሎ መያዝና ከተነጠፈው አለመቁረስ ነው። ከሥር የተነጠፈው ወጥ የጠጣው እንጀራ ነው ያልተቆጠረው ግማሽ።

ጾም

ረቡዕ፣ ዓርብና ዓቢይ ጾም በራሳቸው አያከሱም። ሥጋና ቅቤ ሲወጣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ፓስታና ብስኩት ቦታውን ይወርሳሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ትልቁ ፈተናው 9 ሰዓት ላይ ነው፤ በባዶ ሆድ በየዓይነቱ ፊት ሲቀርብ ሁለት እንጀራ ሳይታወቅ ያልቃል። የቁርሱን ካሎሪ ወደ ማታ አዛውሩት። ማፍረሻው ሾርባ ወይም ቀይ ስር ይሁን፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ምሳው። ሱፍ ፍትፍት ጤናማ ቢሆንም ሱፉ ራሱ የዘይት እህል ነው፤ በልክ። በረመዳንም ያው ነው። ቴምሩና ሾርባው አይጎዳም፤ ዘይት ውስጥ የዋኘው ሳምቡሳ ግን አንድ ይበቃል።

ያልተቆጠረው

አራት ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 190 ካሎሪ ነው፤ አንድ ኪሎ ስኳር በ21 ቀን። ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ በአንዴ ከመተው ይልቃል፤ ቅርንፉድና ቀረፋ የጎደለውን ይሞላሉ። የ300 ሚሊ ለስላሳ 32 ግራም ያህል ስኳር አለበት። አቮካዶ ጭማቂ በስኳር ሲመታ መጠጥ ሳይሆን ሙሉ ምሳ ነው። የቡና ቁርስም አለ፦ አንድ እፍኝ ቆሎ 150 ካሎሪ ነው። ቆሎ ጥሩ ነገር ነው፤ ችግሩ አንድ እፍኝ ላይ ማንም አያቆምም። በሲኒ ለክቶ መያዝ።

ተልባ፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ፤ ስብ የሚያቀልጥ የለም። ተልባ በውሃ አብጦ ያጠግባል፣ ሆድ ያለሰልሳል። እሱ ጥቅም ነው። ማንኪያው ግን 50 ካሎሪ ያህል አለው፤ ማር ሲጨመርበት እጥፍ።

ሚዛኑ ሲቆም

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሁለት ኪሎ ሊወርድ ይችላል፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ከዚያ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ጥሩ ፍጥነት ነው። በሳምንት አንዴ፣ በዚያው ቀን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከተሄደ በኋላ ሳይበላ ተመዘኑ። ጨው የበዛበት በርበሬ ወይም የድግስ ማግስት አንድ ኪሎ ውሃ ይይዛል፤ ሴቶች ከወር አበባ በፊትም እንዲሁ። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ቁጥር አያስደንግጣችሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልተነቃነቀ መጀመሪያ ሃይላንዱን እዩ፤ ከጀሪካኑ ሳይታወቅ የሚቀዳ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ ሻይና ጭማቂው። ሁለቱም በልክ ከሆኑ ከእራቱ ሩብ እንጀራ ይነሳ። ምሳው አይነካ፤ ምሳ ያነሰው ሰው 11 ሰዓት ላይ ብስኩት ይገዛል። በየ5 ኪሎው ቅናሽም ስሌቱ ይደገም፦ 75 የነበረችው 70 ስትገባ ድርሻዋ 1,400 ነው።